መርዝ የገባበትን አፈር በኤሌክትሪክ ኃይል ስለ ማጥራት

ለአገር አስተዳዳሪዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና መሬት በእጃቸው ላለ ሁሉ የተጻፈ

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም በዓል ከሚጓዘው ሕዝብ መካከል ከአዲስ አበባ የተነሣው በደብረ ብርሃንና በከሚሴ አልፎ፥ የቦርከናን ሸለቆ ተከትሎ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ደሴ ወጥቶ ወደ አምባሰል ያቀናል። ግሸን እንደምታውቁት ዙሪያዋን ገደል የከበባት፥ ገጽዋ የመስቀል ቅርጽ ያለው፥ በአንድ በር ብቻ የሚገባባት አምባ ናት። በቀድሞ ዘመን ነገሥታት ለዙፋን የሚያሰጓቸውን መሳፍንት በዚህች አምባ ያስጠብቁ የነበረው ስለዚህ ነው። ብዙ ሠራዊት በሜዳ ሊጠብቀው የማይችለውን፥ በአምባዋ በር የቆሙ ጥቂት ዘበኞች ይጠብቁት ነበርና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ለዚሁ በዓል ስሄድ፥ መኪናችን በመንገድ ቆሞ ሳለ፥ ከወንዝ ጠልፎ ባመጣው ውኃ ጎመንና ቆስጣ የሚያጠጣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አገኘሁ። የመንግሥት ሥራተኛ መሆኔን ከሰሙ በኋላ፥ «ልጄ፥ ይህ ውኃ እንደ ድሮው አይደለም፤ አንዳንድ ቀን ቀለሙ ይለወጣል፥ ሽታም አለው። አሁን ግን ወንዙን ሊያጠሩት ነው ይሉናል። ውኃው የጠራ ዕለት መሬቱስ አብሮ ይጠራልን?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም፥ «አባቴ፥ ይህን የሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ እነግርዎታለሁ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ የኒያ ሽማግሌ ጥያቄ ነው።

ይህን የምጽፍ ሰው አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያን፥ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁ የሚኒስቴር ጸሐፊ ነኝ እንጂ የኬሚስትሪ ሊቅ አይደለሁም። ስለዚህ የሊቃውንቱን ነገር አንድ አገር አስተዳዳሪ ለሥራው በሚያስፈልገው መጠን ብቻ፥ በሚገባ ቋንቋ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

መርዝ በአፈር ውስጥ የሚቆይበት ምክንያት

ውኃ መንገደኛ ነው፤ አፈር ግን ባለ ቤት ነው። ዛሬ በወንዙ ያለፈው ውኃ ነገ በዚያ ሥፍራ አይገኝም። በውኃው ተሸክሞ የመጣው እርሳስ፥ ካድሚየም፥ መዳብ፥ ዚንክ ወይም ክሮሚየም ግን በመስኖ ወደ እርሻው በገባ ጊዜ ከአፈሩ ጋራ ይጣበቃል። ፍግና ቅጠል በጊዜ ብዛት ይፈርሳል፤ ብረታ ብረት ግን አይበሰብስም፤ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ይከማቻል እንጂ በራሱ አይጠፋም። ስለዚህ ወንዙ በጠራ ማግስት መሬቱ አብሮ አይጠራም።

አፈሩ መርዙን የሚይዝበት ምክንያት እንደሚከተለው ነው። በአገራችን ዋልካ ወይም መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር እጅግ ከረቀቁ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። የነዚህም ቅንጣቶች ገጽ የመቀነስ ምልክት ያለው ኤሌክትሪክ አድሮበታል። በውኃ የሟሙት እርሳስና ካድሚየም፥ መዳብና ዚንክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመደመር ምልክት ያለው ኤሌክትሪክ ያደረባቸው ናቸውና፥ ሁለቱ ማግኔት ብረትን እንደሚስብ ይሳሳባሉ። ይህ ጠባይ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሰብል የሚመገባቸውን ካልሲየምንና ፖታሲየምን ዝናም አጥቦ እንዳይወስዳቸው የሚጠብቅልን ይኸው ጠባይ ነው። ነገር ግን አፈር ወዳጅንና ጠላትን ለይቶ አያውቅምና፥ ምግቡን በያዘበት እጅ መርዙንም ይዞ ያስቀረዋል። የአሸዋማ መሬት መርዝ በውኃ ብዛት ሊታጠብ ይችል ይሆናል፤ ዋልካ ግን ውኃን በቶሎ ስለማያሳልፍ፥ በማጠብ ሊያጠሩት ቢሞክሩ ድካሙ ብዙ፥ ፍሬው ጥቂት ይሆናል።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ካድሚየም ኩላሊትን ይጎዳል። እርሳስ ከሁሉ ይልቅ የሕፃናትን አእምሮ ያደክማል። ክሮሚየም ሁለት መልክ አለው፤ ቆዳ ለማልፋት የሚሠራበት «ባለ ሦስት» የሚባለው መልኩ ጉዳቱ ያነሰ ሲሆን፥ «ባለ ስድስት» የሚባለው መልኩ ግን በውኃ በቀላሉ የሚሟሟ፥ ካንሰርንም የሚያመጣ ነው። ከአትክልትም ወገን እንደ ሰላጣና እንደ ቆስጣ ያሉት፥ ቅጠላቸው የሚበላው፥ ከእህል ፍሬ ይልቅ ብዙ ብረት ወደ ራሳቸው የሚስቡ ናቸው። ቅጠሉ አረንጓዴና ወዛም ሆኖ ሳለ መርዝ ሊኖርበት ይችላልና፥ ዓይን ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 እና በ2014 ዓመት ተመራማሪዎች በኮምቦልቻ ከተማ አልፈው ወደ ቦርከና የሚገቡትን ጅረቶችና ከፋብሪካዎች የሚወጣውን እጣቢ መርምረው፥ ከቆዳ ሥራ የሚወጣው ክሮሚየም፥ ከብረታ ብረትም ሥራ የሚወጣው ዚንክ ከፍ ያለ መሆኑን አስታውቀዋል። ቦርከናም ወደ አዋሽ የሚወርድ ወንዝ ስለሆነ፥ በላይኛው አገር የተጣለው ነገር የታችኛውን አገር ገበሬ ያገኘዋል። በአዲስ አበባም በአቃቂ ወንዝ ውኃ የሚለማው አትክልት ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ሲመረመር ቆይቷል፤ በ2002 በፈረንጆች አቆጣጠር የታተመ ጥናት በዚያ በበቀለ ቅጠላ ቅጠል ውስጥ መርዛም ብረታ ብረት መገኘቱን ገልጧል። የአቃቂም እርሻ መሬት ያው ዋልካ ነው።

ኤሌክትሪክ መርዙን ከአፈር የሚያወጣበት መንገድ

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጥቂት ሶዳ በጥብጦ፥ ከባትሪ የተሳቡትን ሁለት ሽቦዎች ነከረበት። ወዲያው በሁለቱም ሽቦዎች ጫፍ ላይ ትናንሽ አረፋ መፍላት ጀመረ። እሳት የለም፤ ነገር ግን ውኃው ይፈላል፤ እኛ ልጆቹም ተደነቅን። ዛሬ የምነግራችሁ ሥራ መሠረቱ ያ ብርጭቆ ነው፤ የሚለየው በብርጭቆው ፈንታ እርጥብ መሬት መሆኑ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መርዝ በገባበት መሬት ውስጥ ከግራፊት ወይም አሲድ ከማይበላው ብረት የተሠሩ ዘንጎች ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ ይተከላሉ፤ በመካከላቸውም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሜትር ርቀት ይደረጋል። አንዱ ረድፍ ከኤሌክትሪኩ የመደመር ጫፍ፥ ሁለተኛው ከመቀነስ ጫፍ ጋራ ይያያዛል። የኤሌክትሪኩም ዓይነት በቤታችን እንዳለው የሚመላለስ ሳይሆን እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ መሆን አለበት። በዚህ ጊዜ በአፈሩ ውስጥ ሦስት ነገር ይሆናል።

1ኛ፥ በአፈሩ እርጥበት ውስጥ የሟሙት ነገሮች ሁሉ እንደ ጠባያቸው ይለያያሉ። የመደመር ምልክት ያደረባቸው እርሳስ፥ ካድሚየም፥ መዳብና ዚንክ ወደ መቀነስ ዘንግ ይጓዛሉ። የመቀነስ ምልክት ያደረባቸው ደግሞ፥ ለምሳሌ ባለ ስድስት የተባለው ክሮሚየም፥ ወደ መደመር ዘንግ ይሄዳሉ።

2ኛ፥ በዋልካው ረቂቅ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ውኃ ራሱ ከመደመር ዘንግ ወደ መቀነስ ዘንግ ቀስ እያለ ይፈሳል። በላዩ ቢያፈሱበት የማያሳልፈው አፈር በኤሌክትሪክ በተሳበ ጊዜ ውኃውን ያሳልፋል። የዚህ ሥራ ትልቁ ጥቅም በዚህ ነው፤ ማጠብ የማይችለውን ጥቅጥቅ አፈር ኤሌክትሪክ ይደርስበታልና።

3ኛ፥ በዘንጎቹ አጠገብ ውኃው ይከፋፈላል። በመደመሩ በኩል አሲድ ይወለዳል፤ በመቀነሱ በኩል ደግሞ እንደ አመድ ውኃ ያለ የአሲድ ተቃራኒ ይወለዳል። አሲዱ በአፈሩ ውስጥ እየገሰገሰ ከሸክላው ጋራ የተጣበቀውን ብረት ያላቅቀዋል፤ ይህም ለሥራው ረዳት ነው። ከወዲያ የሚመጣው የአሲዱ ተቃራኒ ግን የተላቀቀውን ብረት ባገኘው ጊዜ እንደገና ያረጋዋል፥ እንደ አተላም ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ሠራተኞቹ በመቀነስ ዘንግ ጉድጓድ ውስጥ የሆምጣጤ ወይም የሎሚ አሲድ እየጨመሩ መንገዱ እንዳይዘጋ ይጠብቃሉ። በመጨረሻም በዘንጎቹ ጉድጓድ የተከማቸውን መርዛም ውኃ በመሳቢያ አውጥተው ወደ ማጣሪያ ይወስዱታል።

ከዚህ አንድ ነገር አስተውሉ። ኤሌክትሪክ ብረቱን ከአፈሩ ያወጣዋል እንጂ አያጠፋውም። ቤት የሚጠርግ ሰው ጉድፉን በአንድ ጥግ ሰብስቦ ቢተወው ቤቱ ጠራ እንደማይባል፥ ከዘንጎቹ ጉድጓድ የወጣውም መርዝ የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ካልተወሰነ፥ ከአንዱ መሬት ወደ ሌላው መሬት ማዛወር ብቻ ይሆናል።

ይህ ጥበብ የተጀመረበትና የተሠራበት ታሪክ

ነገሩ አዲስ ቢመስልም ሥሩ የቆየ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1809 ዓመት በሞስኮ ያስተምር የነበረ ሮይስ የሚባል ሊቅ፥ በእርጥብ ሸክላ ላይ ሁለት የብርጭቆ ቧንቧዎች ተክሎ፥ ውኃ ሞልቶባቸው፥ ኤሌክትሪክ ቢያገናኝባቸው፥ በመቀነስ ጫፍ በኩል ያለው ውኃ ከፍ ሲል፥ በመደመር ጫፍ በኩል ያለው ደግሞ በሸክላ ደፍርሶ አገኘው። ኤሌክትሪክ ውኃን በሸክላ ውስጥ እንደሚያስኬድ የታወቀው በዚህ ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፥ በ1936 በፈረንጆች አቆጣጠር፥ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ግዛት ሥር በነበረችው ህንድ ፑሪና አናንድ የሚባሉ የአፈር ሊቃውንት፥ ሶዲየም የበዛበትን መሬት በኤሌክትሪክ ለማሻሻል ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ስለዚህ ይህ ጥበብ ከጥንቱም ከእርሻ ሥራ ጋራ ዝምድና ያለው ነው፤ በአዋሽ ሸለቆ በመስኖ ብዛት ጨው የወጣበትን መሬት ላዩ ሰዎችም ትርጉሙ አይሰወርባቸውም። በዚያው ዘመን ካዛግራንዴ የሚባል መሐንዲስ በጀርመን አገር ለባቡር ሐዲድ ሲቆፈር የሚንሸራተተውን ረግረግ ሸክላ፥ ውኃውን በኤሌክትሪክ እያስወጣ አጸናው።

መርዝን ለማውጣት በሜዳ ላይ የተሠራበት ጊዜ ግን ከዚህ ይቀርባል። ከ1980 ዓመት በኋላ በፈረንጆች አቆጣጠር፥ በሆላንድ አገር በግሮኒንገን፥ ቀድሞ የቀለም ፋብሪካ በነበረበት ሥፍራ፥ እርሳስና መዳብ የገባበትን መሬት እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት በኤሌክትሪክ አጠሩት። በ43 ቀን፥ በየቀኑም 10 ሰዓት ያህል በተሠራው ሥራ፥ ከእርሳሱ 70 በመቶ፥ ከመዳቡ 80 በመቶ የሚያህል እንደ ወጣ ተጽፏል፤ ለአንድ ሜትር ኩብ አፈርም 65 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ወጥቶበታል። ከዚያም በኋላ በአሜሪካ በኬንታኪ ክፍል፥ በፓዱካ፥ ወደ ሸክላ አፈር የሰረገውን የብረት ማጽጃ ፈሳሽ በዚሁ ዓይነት ኃይል እያስኬዱ፥ መርዙን በሚያፈርስ ነገር መካከል በማሳለፍ ሠርተዋል።

እንግዲህ ሥራው የሚቻል መሆኑ ተረጋግጧል። ነገር ግን «ይቻላል» ማለትና «ለኔ ወረዳ ይበጃል» ማለት ሁለት ነገር ነው። አስተዳዳሪ የሆነ ሰው ከዚህ በኋላ ሒሳብ መያዝ አለበት።

ሒሳቡ

አንድ ሄክታር እርሻ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ 3,000 ሜትር ኩብ አፈር አለው። በግሮኒንገኑ ልክ ብናስበው 195,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። በቀድሞ አለካክ አንድ ጋሻ ለሚባለው፥ 40 ሄክታር ግድም ለሚሆነው መሬት ደግሞ 7,800,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል።

ይህን ቁጥር በምናውቀው ነገር እንመዝነው። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል የኤሌክትሪክ ማመንጫ በአገራችን ከውኃ ኃይል ማመንጫዎች ቀዳሚው ነው፤ ብዙ ዘመን ሥራውን አቁሞ ቆይቶ በ2016 በፈረንጆች አቆጣጠር ሲታደስ ኃይሉ 6.6 ሜጋ ዋት ሆኗል። ይህ ማመንጫ ሙሉ ኃይሉን ለሌላ ለማንም ሳይሰጥ ቢያውል፥ የአንድ ጋሻን መሬት ድርሻ ለማውጣት 49 ቀንና ሌሊት ያስፈልገዋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ግን 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ነውና፥ በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ ያንኑ ያህል ኤሌክትሪክ በአንድ ሰዓት ተኩል ያወጣዋል።

አንዳንድ ሰው ይህን አይቶ፥ «እንግዲያስ ኃይሉ ካለን ምን እንጠብቃለን?» ይል ይሆናል። ነገር ግን የኤሌክትሪኩ ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ዘንጎቹ በየሁለት ሜትሩ ቢተከሉ ለአንድ ሄክታር 2,500፥ ለአንድ ጋሻ 100,000 ዘንግ ያስፈልጋል። ሽቦው፥ ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ የሚያስኬደው መሣሪያ፥ አሲዱ፥ የመርዛሙ ውኃ ማጣሪያ፥ በየቀኑ የሚለካና የሚቆጣጠር ባለሙያ ሁሉ ሌላ ወጪ ነው። ደግሞም የግሮኒንገኑ ልክ ለሁሉ መሬት አንድ አይደለም፤ ኖራነት ያለው አፈር አሲዱን ስለሚያበርደው ከዚህ የበለጠ ጊዜና ኃይል ይፈልጋል። ባለ ሦስት የተባለው ክሮሚየም፥ ከቆዳ ፋብሪካ የሚመጣው፥ በአፈር ውስጥ አጥብቆ የሚረጋ ስለሆነ ለማንቀሳቀስ ከሌሎቹ ይልቅ ያስቸግራል። ለቦርከና ሸለቆም ይህ ነገር ከሁሉ በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኤሌክትሪኩ መርዙን ሲያወጣ የሰብሉን ምግብ፥ እነ ካልሲየምንና ፖታሲየምን፥ አብሮ ያወጣል፤ በመደመር ዘንግ አጠገብ ያለውም አፈር እጅግ ኮምጣጣ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከሥራው በኋላ መሬቱ ኖራና ፍግ ተሰጥቶት፥ ጥቂት ጊዜም ታርፎ ካልተጠገነ በቀር እህል አያበቅልም። የታመመ ሰው ከመድኃኒቱ በኋላ ምግብና ዕረፍት እንደሚያስፈልገው ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። የኤሌክትሪክ ማጥራት ሰፊ እርሻን ለማከም የሚሆን አይደለም፤ መርዙ በርትቶ ለተከማቸበት ጠባብ ሥፍራ ነው። ለምሳሌ የቆዳ ፋብሪካ አተላ ሲደፋበት የኖረ ጓሮ፥ የመኪና ባትሪ ሲፈታበት የኖረ ግቢ፥ ብረት በቀለም ወይም በዚንክ ሲነከርበት የቆየ ሥፍራ፥ ከነዚህም መርዙ ወደ ጉድጓድ ውኃ እንዳይደርስ የሚያሰጋው ሁሉ ለዚህ ሥራ የተገባ ነው። በነዚህ ሥፍራዎች መሬቱ ጥቂት፥ መርዙ ብዙ ስለሆነ፥ ወጪው ከጥቅሙ ጋራ ሊመጣጠን ይችላል።

የአገር አስተዳዳሪ ሊያደርገው የሚገባ

1ኛ፥ በሩን ጠብቁ። ወደ አፈር የሚገባውን መርዝ ማቆም፥ ከገባ በኋላ ለማውጣት ከሚወጣው ወጪ ጋራ የሚወዳደር አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ፋብሪካ ሊሠራ በታሰበበት ጊዜ የእጣቢው ማጣሪያ ከሕንፃው ጋራ አብሮ መታሰብ አለበት። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በካይ የሆነ ሰው ብክለቱን እንዲያስወግድ ወይም ወጪውን እንዲችል የሚያስገድድ ሥርዓት አቁሟል። ማጣሪያ ተሠርቶ መቅረቡ ብቻ ግን አይበቃም፤ ሌሊትም ሆነ በበዓል ቀን መሥራቱን ሳያስታውቁ ሄዶ መመልከት ያስፈልጋል።

2ኛ፥ ሳትለኩ አትፍረዱ። ከአንድ ማሳ ውስጥ ከልዩ ልዩ ሥፍራ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ጥቂት ጥቂት አፈር ወስዳችሁ፥ በንጹሕ ዕቃ ቀላቅላችሁ፥ ቦታውንና ቀኑን ጽፋችሁበት ወደ ምርመራ ቤት ላኩ። ከወንዙ በላይ ካለ፥ እጣቢ ካልደረሰበት ማሳም እንዲሁ ይወሰድ፤ የሚያመዛዝኑበት ከሌለ ቁጥሩ ትርጉም የለውምና።

3ኛ፥ መሬቱ መርዝ ተገኝቶበት እንደ ሆነ ገበሬውን ወዲያው ከማፈናቀል ይልቅ ሰብሉን ለውጡ። በቅጠላ ቅጠል ፈንታ ለምግብ የማይውል፥ እንደ ጥጥ ወይም እንደ ባሕር ዛፍ ያለ፥ ይተከል። ኮምጣጣ በሆነ መሬት ላይ ኖራና የበሰበሰ ፍግ መጨመር ካድሚየምንና ሌላውንም ብረት በአፈሩ ውስጥ አጥብቆ ስለሚያስር ወደ ተክሉ የሚገባውን ያሳንሰዋል። ይህ መርዙን ባያወጣውም ለሰፊ እርሻ የሚሆን ርካሽ መከላከያ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ገበሬው ለምን ሰብሉን እንዲለውጥ እንደ ተጠየቀ በቅንነት ይነገረው፤ ገቢው የሚጎድልበትም እንደ ሆነ የሚረዳበት መንገድ ይታሰብ። በደሉን ሌላው አድርሶ ሳለ ኪሣራውን ገበሬው ብቻውን ሊሸከም አይገባምና።

4ኛ፥ በየወረዳችሁ መርዝ ሊከማችባቸው የሚችሉትን ጠባብ ሥፍራዎች መዝግቡ። ጊዜው ያለፈበት የተባይ መድኃኒት የነበረባቸውን አሮጌ መጋዘኖችም አትርሱ። ከ2000 ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ መንግሥታችን ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋራ ሆኖ ከአንድ ሺህ ቶን የበለጠ አሮጌ የተባይ መድኃኒት ሰብስቦ ለማቃጠል እስከ ፊንላንድ አገር ድረስ መላኩ፥ በጊዜው ያልተጠበቀ ነገር ኋላ ስንት ድካም እንደሚያስከትል ያስተምራል።

5ኛ፥ አንድ ነጋዴ ወይም ድርጅት «መሬታችሁን በኤሌክትሪክ ላጥራላችሁ» ብሎ ቢመጣ፥ አትናቁትም፥ ፈጥናችሁም አትዋዋሉ። ይህን ጠይቁት። የትኛውን ብረት ነው የምታወጣው? ለኛ ዓይነት ዋልካ ሞክረኸዋልን? የወጣውን መርዝ የት ታደርሰዋለህ? ከሥራው በኋላ መሬቱን ማን ይጠግነዋል? አስቀድሞም በጠባብ መሬት ላይ ይሞክር፤ በፊትና በኋላ የተወሰደውን አፈር እሱ ሳይሆን ሌላ ምርመራ ቤት ይመርምረው። ሥራው በሚሠራበት ጊዜ ሰውና ከብት እንዳይገባ ቦታው ይታጠር፤ ኤሌክትሪክ ባለበት እርጥብ መሬት ላይ መቆም አደጋ አለው፤ በዘንጎቹም አጠገብ በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚወጣ እሳት አይቅረብ።

6ኛ፥ ይህ ለአምባሰልና ለሐይቅ አካባቢ ሹማምንት ነው። ለግሸን በዓል የሚሰበሰበው ሕዝብ ሌሊቱን በባትሪ መብራት የሚያድር ነውና፥ የጨረሰውን የባትሪ ድንጋይ በየሥፍራው ቢጥለው በውስጡ ያለው ዚንክና ሌላው ብረት ከጊዜ በኋላ ወደዚያች ጠባብ አምባ አፈር ይገባል። ከአምባው በር አጠገብ የባትሪ ድንጋይ ብቻ የሚጣልበት በርሜል ቢቆምና በዓሉ ሲያልፍ ተሰብስቦ ቢወርድ፥ ወጪው የአንድ በርሜልና የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ብቻ ነው። ኋላ አፈሩን በኤሌክትሪክ ለማጥራት ግን ያን ሁሉ ዘንግና ሽቦ በአንዲት በር ወደ አምባ ማውጣት ያስፈልጋል።

የሽማግሌው ጥያቄ መልስ

ለኒያ ሽማግሌ የምሰጣቸውን መልስ አሁን አግኝቻለሁ፤ ደስ የሚያሰኝ ብቻ ግን አይደለም። «አባቴ፥ ውኃው ቢጠራም መሬቱ አብሮ አይጠራም። የገባው መርዝ በዋልካው ውስጥ ይቆያል። ኤሌክትሪክ ሊያወጣው ይችላል፤ ነገር ግን ለእርስዎ እርሻ ለሚያህል ሁሉ ሊዳረስ የሚችል አይደለም። ስለዚህ እኛ ዛሬ የምናደርገው፥ ሌላ መርዝ እንዳይጨመርበት ወንዙን መጠበቅ፥ አፈርዎን መመርመር፥ በጎመኑም ፈንታ ምን ቢዘሩ እንደሚሻል ከእርስዎ ጋራ መምከር ነው» እላቸዋለሁ።

የግሸንን በር ይጠብቁ የነበሩት ዘበኞች ጥቂቶች ነበሩ፤ ነገር ግን በቦታቸው ስለ ቆሙ አምባው ይጠበቅ ነበር። ለእርሻችን አፈርም በር አለው፤ እሱም የፋብሪካው ቦይ፥ የመጋዘኑ ደጅና የመስኖው ጠለፋ ነው። የዚህ በር ዘበኞች እናንተ ናችሁ። በሩ ከተጠበቀ፥ ቀድሞ የገባውን ለማውጣት የሚሠራው ሥራ ሁሉ ፍጻሜ ይኖረዋል፤ በሩ ክፍት ሆኖ ከቀረ ግን፥ በአንድ ወገን በኤሌክትሪክ ስናወጣ በሌላው ወገን በውኃ እናስገባለን፤ ልጆቻችንም የምንተውላቸው መሬት አይኖርም።